የሚያፈስ የዓሣ ሣጥን ወይስ ተሠርቶ የሚሸጥ የመስታወት ቤት? ለትንንሽ ኦርኪዶች የምመክረው

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በምኖርበት አፓርታማ የሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ የዓሣ መስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ዓሣ የለበትም። በውስጡ አብዛኞቹ ከአውራ ጣት የማይረዝሙ ኦርኪዶች በቡሽ ዛፍ ቅርፊት ላይ ሥር ሰደው ይኖራሉ። ለቡና የመጣ እንግዳ ቶናው ሳይቀዳ ተነሥቶ ይጠጋቸዋል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «እኔም መጀመር እፈልጋለሁ፤ አሮጌ የዓሣ ሣጥን ልፈልግ ወይስ ለአትክልት ተብሎ የተሠራውን ልግዛ?» በዚህ ዓመት ብቻ ለስድስት ሰዎች መልሻለሁ። አንዲት ወዳጄ ግን ሳትጠይቀኝ እኔ ከሦስት ዓመት በፊት የተታለልኩበትን ያንኑ ዕቃ ገዝታ አገኘኋት። ቀድሜ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ።

መልሴ አጭር ነው። ያገለገለ የዓሣ ሣጥን ግዙ። የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ዓሣ የሚያረባ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ሣጥኑ ውሃ እንዲይዝለት ነው። እንደ እኔው ያለ ባለ 29 ጋሎን ሣጥን ሲሞላ 110 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የውሃው ክብደት ብቻ ከ1 ኩንታል በላይ ነው። ስለዚህ አንድ ማዕዘኑ ላይ ጠብ ጠብ ማለት የጀመረ ሣጥን ለዓሣ አርቢው ሸክም ነው፤ ከቤቱ የሚያወጣለት ሰው ከተገኘ በነፃ ይሰጣል። ኦርኪድ ግን ከሣጥኑ ሥር ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ ቢጠራቀም ይበቃዋል። መስታወቱ የሚያስፈልገው እርጥበቱን ለመያዝ ነው። እዚህ አገር በብርዱ ወራት ማሞቂያው ሲከፈት የቤቱ አየር ከንፈር እስኪሰነጠቅ ድረስ ይደርቃል፤ በዚህ አየር ውስጥ ያለ መስታወት የተተወች ትንሽ ኦርኪድ ሳምንት ሳይሞላት ትጨማደዳለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የእኔ ሣጥን 30 ኢንች ርዝመት፣ 12 ኢንች ስፋትና 18 ኢንች ቁመት አለው። ከአንድ ጎረቤት በ15 ዶላር ገዛሁት። ከሃርድዌር መደብር ለክዳን ያስቆረጥኩት መስታወት 12 ዶላር፣ በድምሩ 27። መብራት 28፣ ማራገቢያ 9፣ መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት ቆጣሪ 8፣ ከሥር የሚነጠፍ የሸክላ ጠጠር 12፣ ከጠጠሩ በላይ የሚዘረጋ ወንፊት 4፣ ስፋግነም የሚባለው እርጥበት ያዥ ሞስ 14፣ የቡሽ ቅርፊት 18። እነዚህ ሰባቱ 93 ዶላር ናቸው። ጠቅላላው 120 ዶላር ሆነ።

ተሠርቶ የሚሸጠው፣ ከፊት ለፊት በሁለት በር የሚከፈተውና በታወቀ ስም የሚሸጠው፣ ባለፈው ዓመት ዋጋውን ስጠይቅ ከነታክሱ 215 ዶላር ነበር። የመስታወት ቤቱ ብቻ ነው፤ መብራትም ጠጠርም ቅርፊትም የለውም። ያንኑ 93 ስትጨምሩበት 308 ይሆናል። ልዩነቱ 188 ዶላር ነው። አንዲት ትንሽ ኦርኪድ ከ20 እስከ 30 ዶላር ነውና በዚያ ልዩነት ቢያንስ ስድስት ተክል ይገዛል። ባዶ መስታወት ለማየት ነው ወይስ አበባ ለማየት የምንገዛው? አሮጌ ካላገኛችሁም አትቸኩሉ፤ ትልልቆቹ የእንስሳት መደብሮች አዲስ የዓሣ ሣጥን በግማሽ ዋጋ የሚሸጡበት ጊዜ አላቸው።

ያቺ ወዳጄና እኔ የተታለልነው በሦስተኛው ዓይነት ነው። ባለ ሁለት በሩን አስመስለው የሠሩት በ89 ዶላር በኢንተርኔት ይሸጣል። በፎቶ ከዋናው አይለይም። ሲመጣ መስታወቱ ሳስቶ በጣት ሲነካ ይርገበገባል። በአራተኛው ወር የግራ በሩ የፕላስቲክ ማጠፊያ ተሰበረ፤ በሩ ተንጋዶ አልዘጋ አለ፤ እርጥበቱ ሁሉ በዚያ ወጣ። የላይኛው ወንፊት ዛገና ጠብታው ቡናማ ሆኖ ቅጠሎቹ ላይ ወረደ። መለዋወጫ ማጠፊያ ልግዛ ብዬ ለሻጩ ብጽፍ መልስ የለም። የዋናውን ማጠፊያ ገዝቼ ሞከርኩ፤ በ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት አልገጠመም። የወዳጄን ለማየት ስሄድ የተሰበረው ያው የግራ በር ነበር። 89 ዶላሩ ርካሽ እንዳይመስላችሁ፤ ዕቃው ከዓመት በኋላ የሚጣል ነው። የዓሣ ሣጥን ማጠፊያም በርም የለውም፤ የሚሰበርበት ነገር አልተሠራለትም።

አሮጌውን ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። የታችኛው መስታወት ተሰንጥቆ ከሆነ ተዉት፤ ሲያነሡት እጅ ይቆርጣል። የጎን ስንጥቅ ግን በሲሊኮን ይያዛል። ሁለተኛ፣ የባሕር ዓሣ የነበረበት መሆኑን ጠይቁ። ነጭ የጨው መስመር ያለበት ሣጥን በደንብ ካልታጠበ ኦርኪድ አይወደውም፤ የጨው ጠላት ነው። ተራ የውሃ ኖራ ከሆነ ነጭ ኮምጣጤ በጨርቅ ነክራችሁ ግማሽ ሰዓት ለጥፉበት፤ ይለቃል። ሦስተኛ፣ የላይኛውን የፕላስቲክ ጠርዝ ዳስሱ፤ ክዳኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው፤ አትግዙት። ለዓሣ ሣጥን የተባለውን ግዙ። አዲሱ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ አይጣበቅም፤ አሮጌውን በምላጭ ልጣችሁ፣ መስታወቱን በአልኮል ጠርጋችሁ ነው የምትቀቡት። ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ይሸታል። ሽታው ፈጽሞ ሳይጠፋ ተክል አታስገቡ።

የዓሣ ሣጥን እውነተኛ ድክመቱ አየር ነው። ተሠርቶ የሚሸጠው ከታች በኩል የአየር መግቢያ፣ ከላይ ወንፊት አለው። የእኛው ግን ክዳኑ ከተገጠመ እንደ ታሸገ ማሰሮ ነው። ስለዚህ ክዳኑን ሁለት ጣት ክፍት ትታችሁ ማራገቢያ ማስገባት የግድ ነው። እኔ የምጠቀመው የኮምፒውተር ማራገቢያ ነው፤ 12 ቮልት የተባለውን በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ሳሠራው በዝግታና ያለ ድምፅ ይዞራል። በዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ። የመጀመሪያውን በ4 ዶላር ገዝቼ ለፋሲካ ወደ አትላንታ ሄድኩ። ከአምስት ቀን በኋላ ስመለስ ቆሞ ነበር። ማስደቫሊያ የተባለችውን ኦርኪዴን በሁለት ጣት ስይዛት ቅጠሉ ያለ ምንም ጉልበት ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩ ጠቁሮ እንደ በሰበሰ ጎመን ይሸት ነበር። በ5 ዶላር ልዩነት የ32 ዶላር ተክል ሞተብኝ። አሁን የምገዛው ኩሽኔታ ያለውን ባለ 9 ዶላሩን ነው።

የመብራቱ ሳጥን ላይ የሚጻፈውን ዋት አትመኑ። «45 ዋት» የተባለውን ሶኬት ላይ በሚሰካ መለኪያ ስለካው 11 ሆነ። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጠውንም ተዉት፤ ነጭ፣ 6500 ኬልቪን የተጻፈበት በቀን 12 ሰዓት ይበቃል። መብራትና ማራገቢያ አብረው 20 ዋት ቢበሉ እንኳ በወር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በእኔ ሂሳብ ከ2 ዶላር አይበልጥም። ሞስ ስትገዙ ደማቅ አረንጓዴ የሆነው ብዙ ጊዜ ለጌጥ ቀለም የተነከረ ነው። ጥቂት በብርጭቆ ውሃ ንከሩት፤ ውሃው አረንጓዴ ከሆነ መልሱት።

ተሠርቶ የሚሸጠው የሚበልጥበት ቦታ የለም አልልም። ወገቡን የሚያመው ሰው በየቀኑ ከላይ ጎንበስ ብሎ እጁን ከማስገባት ከፊት በር ከፍቶ ውሃ ቢረጭ ይሻለዋል። የእኛው ላይ ክዳኑን ለማንሣት መጀመሪያ መብራቱን ማንሣት አለ፤ በጥድፊያ ለሚኖር ሰው ያሰለቻል። እንዲህ ከሆነ ዋናውን በ215 ግዙ፤ በመካከል ያለውን ባለ 89ኙን ግን በፍጹም።

ተክሉን በተመለከተ፣ በፓኬት የሚሸጥ የኦርኪድ ዘር ማጭበርበሪያ ነው። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ በራሱ ስንቅ ስለሌለው በዱር የሚበቅለው በፈንገስ እየተረዳ፣ በሰው እጅ ደግሞ በላቦራቶሪ ነው። ያደገ ተክል ግዙ። እንደ ሌፓንቴስ ያሉ የደጋ ዝርያዎችም በበጋ ሙቀት ሳሎን ውስጥ አይዘልቁምና ለጀማሪ አልመክርም።

የምመክረው ኤራንጊስ ሉቴኦአልባን ነው፤ በተለይ ሮዶስቲክታ የተባለውን ዓይነት። በአገራችንም በዱር የሚበቅል ነው፤ ነጭ አበባው መካከል ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ከአገር ቤት በሻንጣ ላምጣው የሚለኝ ሰው አለ፤ አይሆንም። ኦርኪድ ሁሉ ሳይቴስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ነውና ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። እዚሁ በችግኝ ቤት የተባዛው በ28 ዶላር ይገኛል፤ የእኔም ከዚያ ነው የመጣው።

በቅርፊቱ ላይ በጥቂት ስፋግነም በቀጭን ክር እሰሩት። ሥሩ ሲደርቅ ብርማ ግራጫ ነው፤ የተጣራ ወይም የዝናብ ውሃ ሲረጭበት ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ይሆናል። ግራጫው ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ውሃ አትርጩ።