ትሬዲንግቪውና ኤድጋር፦ ቻርትና ሰነድ በአንድ ሚዛን

ቻርት ለማየት ትሬዲንግቪው፣ የኩባንያ ሰነድ ለማንበብ ኤድጋር። የአሜሪካን አክሲዮን በትርፍ ጊዜው የሚገበያይ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ብዙም የሚቸግረው ነገር የለም። የመጀመሪያው በ2011 የተመሠረተ የግል ድርጅት ነው፤ ነፃ እርከን አለው፣ ከዚያ በላይ የፈለገ ይከፍላል። ሁለተኛው ኤስኢሲ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ የሰነድ ቋት ነው። ምዝገባ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ ማስታወቂያ የለውም፤ ውበትም የለውም።

ፍርዱን አስቀድመን እንስጥ። ትሬዲንግቪው «ስንት ልግዛ? የት ላይ ልውጣ?» ለሚል ሰው ድንቅ መሣሪያ ነው። «ነገ ወዴት ይሄዳል?» ለሚል ግን ከሚገባው በላይ ይታመናል። ኤድጋር ደግሞ ለዓይን ስለማይማርክ ብቻ ከሚገባው በታች ይነበባል። የቴክኒካል (ቻርት አንባቢ) እና የፈንዳሜንታል (ሒሳብ አንባቢ) ጎራዎች ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው አንዱን መሣሪያ የሌላውን ጥያቄ ከመጠየቅ ነው።

ከቻርቱ እንጀምር። ጀማሪ የሚሠራው የመጀመሪያ ስህተት ኢንዲኬተር (ከገበያ ቁጥሮች የሚሰላ ምልክት ሰጪ ቀመር) መደራረብ ነው። ነፃው እርከን በአንድ ቻርት ላይ የሚጫኑትን ኢንዲኬተሮች ቁጥር ይገድባል፤ ተጠቃሚው እንደ ቅጣት ቢያየውም ነገሩ ውለታ ነው። አርኤስአይ፣ ማክዲ፣ ስቶካስቲክ የሚባሉት ኢንዲኬተሮች ሁሉም ከዚያው ከዋጋው የሚቀዱ ናቸው። ሦስቱ አንድ ላይ «ግዛ» ሲሉ ሦስት ምስክር የተገኘ ይመስላል፤ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢናገር ግን ያው አንድ ምስክር ነው። አዲስ ነገር የሚጨምረው የግብይት መጠኑ፣ ማለትም ቮልዩም ነው። እሱም ቢሆን የዳታው ምንጭ መታየት አለበት፤ የአሜሪካ አክሲዮን በብዙ መገበያያ ቦታዎች ስለሚሸጥ ከአንድ ቦታ ብቻ የተወሰደ ቮልዩም ከጠቅላላው ጥቂቱን ነው የሚያሳየው።

አርኤስአይን ጠጋ ብለን እንየው። ዌልስ ዋይልደር በ1978 ያወጣው ቀመር ነው፤ የተለመደው ርዝመቱ 14 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት የጭማሪው አማካይ 1.20 ዶላር፣ የቅናሹ አማካይ 0.40 ዶላር ከሆነ አንዱ ለሌላው ሲካፈል 3 ይመጣል። 100 ለ4 (ማለትም ለ3 ሲደመር 1) ሲካፈል 25፤ ከ100 ሲቀነስ 75። ከ70 በላይ ስለሆነ «ከመጠን በላይ ተገዝቷል» ይባላል። ቁጥሩ በእርግጥ የሚናገረው ግን ሰሞኑን ጭማሪው ከቅናሹ ሦስት እጥፍ እንደነበር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ጠንካራ ጉዞ ላይ ያለ አክሲዮን ከ70 በላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ «70 አልፏል፣ ይወርዳል» ብሎ አክሲዮን ተበድሮ የሚሸጥ ሰው ኪሱ የሚራገፈው እዚያ ላይ ነው። ሌላም አለ፦ የዋይልደር አማካይ የድሮውን ውጤት ወደ ዛሬ እየጎተተ ስለሚሄድ፣ አጭር ታሪክ የጫነ መተግበሪያና ረጅም ታሪክ የጫነ መተግበሪያ ለአንዱ አክሲዮን የተለያየ አርኤስአይ ያሳያሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ከኢንዲኬተር በፊት መስተካከል ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሚዛኑ ነው። በተራው ሚዛን ከ10 ወደ 20 ዶላር የወጣ አክሲዮንና ከ100 ወደ 110 የወጣ አክሲዮን እኩል ቁመት ይኖራቸዋል፤ አንደኛው እጥፍ ሆኗል፣ ሌላው 10 በመቶ ብቻ ነው የጨመረው። የብዙ ዓመት ቻርት ላይ ሎጋሪትሚክ ሚዛን ካልተመረጠ በስተቀር የሚሰመረው መስመር ሁሉ ትርጉም የለውም። በአንዱ ሚዛን «ተሰበረ» የተባለ መስመር በሌላው አልተነካም። ሁለተኛው የዲቪደንድ (ለባለአክሲዮን የሚከፈል የትርፍ ድርሻ) ማስተካከያ ነው። ሲበራ ያለፉት ዋጋዎች በተከፈለው ዲቪደንድ ልክ ዝቅ ይላሉ፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሰዎች በእርግጥ የተገበያዩበት ዋጋና ቻርቱ የሚያሳየው አይገናኙም። የድጋፍ ዋጋ (ገዢ በርክቶ ውድቀቱ የሚቆምበት ደረጃ) ለሚፈልግ ይጥፋ፤ ጠቅላላ ትርፍ ለሚያወዳድር ይብራ።

የስትራቴጂ መሞከሪያው በጣም የሚያምር፣ በጣም የሚያታልል ክፍል ነው። በፓይን ስክሪፕት (የትሬዲንግቪው የራሱ የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈ ስትራቴጂ ካልነገሩት በስተቀር ኮሚሽንም ስሊፔጅም (በታሰበውና በተፈጸመው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት) ዜሮ አድርጎ ነው የሚያሰላው። በቀን ብዙ ጊዜ የሚገባና የሚወጣ ስትራቴጂ በዜሮ ወጪ ተራራ የሚያክል ትርፍ ያሳይና፣ በአንድ ግብይት 0.1 በመቶ ሲጨመርበት ሜዳ ይሆናል። ሃይኪን አሺ በሚባለው የሻማ ቻርት ላይ መሞከር ደግሞ የባሰ ነው። እነዚያ ሻማዎች የአማካይ ውጤት እንጂ ገበያ ላይ የነበረ ዋጋ አይደሉም፤ በእውነተኛው የገበያ ዋጋ አስላ የሚለው ማስተካከያ ካልተመረጠ መሞከሪያው ማንም ባልሸጠበት ዋጋ ገዛሁ ይላል።

መሣሪያው ለገንዘቡ ዋጋ የሚሰጠው የአደጋውን መጠን በመለካት ነው። 10,000 ዶላር ያለው ሰው በአንድ ግብይት ከ1 በመቶ በላይ ላለማጣት ወሰነ እንበል፤ 100 ዶላር። አክሲዮኑ 50 ዶላር ነው፣ የቀን መዋዠቁን የሚለካው ኤቲአር 2 ዶላር ያሳያል። ማቆሚያው (ዋጋው እዚያ ሲወርድ ሽጥ የሚል ትእዛዝ) በሁለት ኤቲአር ዝቅ ብሎ 46 ላይ ይቀመጣል። 100 ለ4 ሲካፈል 25 አክሲዮን። እዚህ ስሌት ውስጥ ምንም ትንቢት የለም፤ ለዚህም ነው የምንወደው።

ስሌቱ የሚፈርስበት ቀን ግን አለ፤ ያን ቀን ቻርቱ አያውቀውም። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 በ323 ዶላር ዘጋ፤ ገበያው ከተዘጋ በኋላ የሩብ ዓመት ውጤቱን አወጣ፤ በማግስቱ 245 ዶላር ገደማ ላይ ተከፈተ፣ በቀኑ መጨረሻ 26 በመቶ ወርዶ ነበር። በ323 ገዝቶ 300 ላይ ማቆሚያ ያስቀመጠ ሰው 23 ዶላር ነው የማጣው ብሎ አስቧል። በ300 እና በ245 መካከል ግን መደበኛው ገበያ ተከፍቶ አልተሸጠም። ማቆሚያው ሲነካ በተገኘው ዋጋ ሽጥ የሚል ተራ ትእዛዝ ስለሚሆን በመክፈቻው ዋጋ ይሸጣል፤ ኪሳራው 78 ዶላር፣ ካሰበው ከሦስት እጥፍ በላይ። 1 በመቶ የተባለው 3.4 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የውጤት ማሳወቂያ ቀን ሲደርስ ወይ መጠን ይቀነሳል፣ ወይ ይወጣል። ትሬዲንግቪው ቀኑን ከቻርቱ ሥር በምልክት ያሳያል፤ የትኛውንም ኢንዲኬተር ሳያዩ ያቺን ምልክት ማየት ይሻላል።

ወደ ኤድጋር እንሂድ። የኩባንያው ስም ሲገባ የቅጽ ቁጥር ብቻ የተደረደረበት ገጽ ይመጣል፤ ብዙ ሰው እዚያው ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። 10-ኬ ዓመታዊው ሪፖርት ነው፣ 10-ኪው የሩብ ዓመቱ፣ 8-ኬ በመካከል የሚፈጠር ከባድ ጉዳይ ማሳወቂያ ነው፤ በአብዛኛው በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት። 8-ኬ ላይ ንዑስ ቁጥር 4.02 ከታየ ቀደም ሲል የወጡት የሒሳብ መግለጫዎች አይታመኑም ማለት ነው። እሱን እያዩ ቻርት ላይ ድጋፍ መፈለግ፣ ቤቱ እየተቃጠለ መጋረጃ እንደ መምረጥ ነው።

10-ኬን ከፊት ወደ ኋላ እንደ ልብ ወለድ ማንበብ አያስፈልግም። ክፍል 7 ላይ አስተዳደሩ ቁጥሮቹ ለምን እንደተቀየሩ ያብራራል፤ ክፍል 8 ላይ ሒሳቡ ከነማስታወሻው አለ። ክፍል 1ኤ፣ የስጋቶች ዝርዝር፣ ለብቻው ሲነበብ እንቅልፍ ያመጣል፤ ካለፈው ዓመት ጋር ጎን ለጎን ሲነጻጸር ግን የተጨመረው አንቀጽ ብዙ ይናገራል። በሒሳቡ ላይ መጀመሪያ የምናየው ያልተሰበሰበ ሒሳብ ነው። አንድ ኩባንያ በሩብ ዓመት 400 ሚሊዮን ሸጦ 200 ሚሊዮኑ ካልተሰበሰበ፣ 200 ለ400 ተካፍሎ በሩቡ 90 ቀናት ሲባዛ ገንዘቡን ለመሰብሰብ 45 ቀን ይፈጃል ማለት ይሆናል። ከዓመት በኋላ በዚያው ሩብ ሽያጩ 480፣ ያልተሰበሰበው 320 ከሆነ 60 ቀን። ሽያጩ 20 በመቶ አደገ ተብሎ ይጨበጨባል፤ ያልተሰበሰበው ግን 60 በመቶ አድጓል። ምናልባት ደንበኞች መክፈል ከብዷቸዋል፣ ምናልባት ሩብ ዓመቱ ከማለቁ በፊት ዕቃ በዱቤ ተራግፏል። ቻርት ይህን አያሳይም።

ኤድጋር የራሱ ወጥመዶች አሉት። የአራተኛው ሩብ ዓመት 10-ኪው የሚባል የለም፤ ከዓመቱ ላይ የዘጠኝ ወሩን መቀነስ ግድ ነው። 10-ኪው ውስጥ ያለው የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ደግሞ ከዓመቱ መጀመሪያ የተደመረ ነው፤ የሁለተኛውን ሩብ ለማግኘት የስድስት ወሩ ላይ የሦስት ወሩ ይቀነሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ኩባንያው በየሩብ ዓመቱ ገንዘቡ እየጨመረ፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ደግሞ በድንገት የደኸየ ይመስለዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚሠራው ሁለቱ መሣሪያዎች ሲገናኙ ነው። አፕል ለ2019 የበጀት ዓመት ባቀረበው 10-ኬ ላይ የአንድ አክሲዮን ትርፍ 11.89 ዶላር ነው። በኦገስት 2020 አንዱን አክሲዮን በአራት ከፈለ። የዛሬ ቻርት የ2019 መዝጊያን 73.41 ዶላር ያሳያል፤ ያን ቀን ገበያው የዘጋው ግን በ293.65 ነበር። 73.41ን ለ11.89 ያካፈለ ሰው የዋጋና የትርፍ ጥምርታው 6 ነው ብሎ «እንዴት ያለ ርካሽ!» ይላል። ትክክለኛው 24.7 ነው። ሰነዱ እንደተጻፈ ይቀመጣል፣ ቻርቱ ወደ ኋላ ይታረማል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የድሮውን ትርፍ ከክፍፍሉ (ከስፕሊቱ) በኋላ ከወጣ 10-ኬ ላይ መውሰድ፤ የ2020ው 10-ኬ የ2019ን ትርፍ 2.97 ብሎ ይዞታል።

ትሬዲንግቪው ራሱ የፋይናንስ ቁጥሮች የሚያሳይበት ገጽ አለው፤ ለፈጣን ማጣሪያ ይበቃል። ለውሳኔ ግን አይበቃም። አማዞን በ2022 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት 3.8 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ አሳወቀ። 10-ኪውን የከፈተ ሰው ግን ከሥራው 3.7 ቢሊዮን ማትረፉን፣ ኪሳራውን ያመጣው በመኪና አምራቹ በሪቪያን ላይ የያዘው ድርሻ ከታክስ በፊት 7.6 ቢሊዮን ዋጋ ማጣቱ መሆኑን ያያል። የኪሳራውን ቁጥር ብቻ በሰንጠረዥ ያየ ሰው የመኪና ፋብሪካ አክሲዮን ዋጋን እንደ መደብር ንግድ ውድቀት ቆጠረው።

የውስጥ አዋቂዎች ግብይት የሚመዘገብበት ፎርም 4 በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ስለሚወጣ ተወዳጅ ነው፤ ኮዱን ሳያዩ መደናገጥ ግን አይገባም። ኤፍ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ለታክስ የተያዘ አክሲዮን ነው፣ ኤ የተሰጠ ነው። ትኩረት የሚገባው ፒ፣ በራስ ገንዘብ ከገበያ የተገዛው ነው። ትላልቅ የገንዘብ አስተዳዳሪዎች የሚያቀርቡት 13ኤፍ ደግሞ ሩብ ዓመቱ ካለቀ እስከ 45 ቀን ስለሚዘገይ፣ «እገሌ ገዛ» ተብሎ ሲወራ እገሌ ሸጦ ሊሆን ይችላል።

የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋው ከ2001 ወዲህ ያሉትን ሰነዶች ይሸፍናል፤ ቃሉን በጥቅስ ውስጥ ከቶ ስለ ኩባንያው ህልውና «ከፍተኛ ጥርጣሬ» የሚለውን የኦዲተሮች ሐረግ በእንግሊዝኛው መፈለግ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ርካሽ አክሲዮን ለሚወድ ሰው ከየትኛውም ኢንዲኬተር በላይ ገንዘብ ያድናል።

አንድ ቅሬታ ይቀረናል። ከአሜሪካ ውጭ የተቋቋሙ ብዙ ኩባንያዎች 10-ኬ ሳይሆን 20-ኤፍ ያቀርባሉ፤ የበጀት ዓመቱ ካለቀ እስከ አራት ወር ድረስ ጊዜ አላቸው፣ 10-ኪው የማቅረብ ግዴታም የለባቸውም። በመካከል 6-ኬ በሚባል ቅጽ የመጣውን ያህል ይልካሉ፤ ይዘቱም ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ለእነዚህ አክሲዮኖች ቻርቱ ከሰነዱ ብዙ ወር ይቀድማል። ስለዚህ ቀደም ብለን በሠራነው ስሌት 1 በመቶ የነበረውን ወደ ግማሽ እናወርደዋለን፤ 25 አክሲዮን የነበረው 12 ይሆናል።