ክርኔን የለኩልኝ አናጢ

ጠረጴዛው ቤቴ ከገባ ስምንት ወር ሆነው። ያኔ በሳምንቱ ልጽፍ ብዬ ተውኩት። አዲስ ዕቃ ሁሉ ለሳምንት ያምራል። ክረምት ይለፍበት ብዬ ጠበቅሁ። ይኸው ክረምቱ አለፈ፤ ጠረጴዛውም ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ትከሻዬም ደህና ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንም ጥቆማዬንም ዛሬ ልጻፍ።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ፤ ያውም ቤቴ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። የበፊቱን ጠረጴዛዬን ከአንድ የፈርኒቸር ሱቅ ነበር የገዛሁት። ሱቁን አልጠራም። ላዩ ያብለጨልጫል። ውስጡ ግን ቺፑድ ነው፤ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨፍልቆ፣ እንጨት የሚመስል ወረቀት የተለጠፈበት። ወለሉ በተወለወለ ቁጥር እግሩ ውሃ ይጠጣል። ዓመት ሳይሞላው ከሥሩ እንደ ራሰ ዳቦ አበጠ። የመሳቢያው ብሎን ለቀቀ፤ መልሼ ላጠብቀው ስል ዱቄት ብቻ ወጣ። መሃሉም ስለሰረገ እስክሪብቶ ባስቀመጥኩ ቁጥር እየተንከባለለ ኪቦርዱ ሥር ይገባብኝ ነበር።

ቀጥሎ የሞከርኩት አናጢ ደግሞ ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። በሱ ላይ ከዚህ በላይ ቃል አላባክንም።

ጋሼን ያገኘሁት በአክስቴ በኩል ነው። አልጋዋን ጠግነውላት ነበር። ስማቸውን የማልጽፈው እሳቸው ስላልፈለጉ ነው። «እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ አገሩ ሁሉ ቢመጣብኝ የት እገባለሁ?» አሉኝ። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የሚሠሩት አየር ጤና፣ ግቢያቸው ውስጥ ነው። ከቤታቸው ጀርባ በቆርቆሮ የተከደነች ክፍል አለች፤ ከኔ ሳሎን አትሰፋም። መሃሏ ላይ ሞርሳ፣ ማለትም እንጨት ጨብጦ የሚይዝ ማጥበቂያ፣ የተገጠመለት የሥራ ጠረጴዛ ቆሟል። ግድግዳው ላይ መጋዙ፣ መሮው፣ መላጊያው በየመጠኑ ተሰቅሏል። በጥግ በኩል ጣውላ በጣውላ ላይ ተደርድሯል፤ አየር እንዲያገኝ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶበታል። ሁለት ዶሮዎች ሰጋቱራው ላይ ይጭራሉ።

ይቅርታ፣ እዚህ ጋ የሙያ አመሌ መጣ። ጣውላ፣ ኮላ፣ ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሰጋቱራ፦ በዚያች ክፍል ውስጥ የሰማሁት ቃል ግማሹ የጣሊያን ነው። ይህንን ለጋሼ ብነግራቸው «ተይ ባክሽ፣ ሰጋቱራማ አማርኛ ነው» ብለው ሳቁብኝ። አልተከራከርኩም።

የመጀመሪያ ቀን የሄድኩት ልክ በወረቀት ጽፌ ነው። ርዝመት 120፣ ስፋት 60፣ ቁመት 75። ከኢንተርኔት የለቀምኩት ነው። ወረቀቱን አየት አደረጉና «ወንበርሽስ?» አሉኝ።

«ወንበር አለኝ፤ የምፈልገው ጠረጴዛ ብቻ ነው።»

«አለሽ ወይ አላልኩሽም። ቁመቱ ስንት ነው?»

አላውቅም። ቀጠሉ። ቤት ውስጥ ስሠራ እግሬ ላይ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። ነጠላ ጫማ አልኳቸው። ያን ዕለት ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ ነበር። «እንግዲያው ወንበርሽንና ነጠላ ጫማሽን ይዘሽ ነይ» ብለው ሸኙኝ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነው የወጣሁት። በማግስቱ ወንበሬን ታክሲ ላይ ጭኜ፣ ነጠላ ጫማዬን በፌስታል ይዤ ስመለስ ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ ቤት እየለቀቅሁ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ጋሼ አስቀመጡኝ። «ትከሻሽን ልቀቂው» አሉ። ለቀቅሁት ብዬ ነበር፤ በመዳፋቸው ጫን ቢያደርጉት ገና ወረደ። ክንዴን አጥፌ እጄን ፊት ለፊት እንድዘረጋ አደረጉኝና ከመሬት እስከ ክርኔ ለኩ። 65 ሳንቲም። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አንስተው 75 ያልኩትን ሰረዙት። «ይሄ ለረጅም ሰው ነው፤ አንቺ የሰው ጠረጴዛ ላይ ነው ስትሠሪ የኖርሽው» አሉኝ።

ቤት ስገባ የድሮውን ለካሁት። 75 ነው። ከዚያ ሱቅ በገባሁ ቁጥር ሜትር ይዤ መለካት ጀመርኩ። ያየኋቸው ሁሉ ከ72 እስከ 76 ባለው ውስጥ ናቸው። እኔ 1 ሜትር ከ57 ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ በ10 ሳንቲም ትከሻዬን ሰቅዬ ስተረጉም ኖሬ፣ ማታ ማታ አንገቴን በቅባት የማሽ የነበረው ለካ በዚህ ነው።

ቀጥሎ በመሳቢያ ተጣላን። እኔ መሃል ላይ፣ ፊት ለፊቴ ሰፊ መሳቢያ ፈልጌ ነበር። «አይሆንም» አሉ። ለምን? እንደተቀመጥኩ ከመሬት እስከ ጭኔ አናት ለኩ። 56 ሆነ። የጠረጴዛው ቁመት 65፤ የገጹ ውፍረት 3 ሲነሳ 62 ይቀራል። ጭኔ ካለፈ በኋላ የሚተርፈው 6 ሳንቲም ነው። «በ6 ሳንቲም ውስጥ መሳቢያ ልግጠምልሽ ወይስ እግርሽ ይግባ? ምረጪ።» እግሬን መረጥኩ። መሳቢያው በቀኝ በኩል ወደ ጎን ሆነ።

እንጨቱን በተመለከተ እኔ የማውቀው ዋንዛ ጥሩ እንደሆነ ብቻ ነው። እሱንም ከአያቴ አገር ነው የማውቀው። ልጅ ሆነን ፍሬውን እየመጠጥን እጃችን ሁሉ ይጣበቅ ነበር። ከበሮውም፣ ቀፎውም፣ ሙቀጫውም ከዋንዛ ነው የሚሠራው። ጋሼም ዋንዛ ይወዳሉ፤ መላጊያ ይቀበላል፣ ብዙ አይጣመምም ይላሉ። ግን እንደልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ጋሼ የሚጠቀሙት ከፈረሰ ቤት የሚገዙትን የቆየ ጣውላ ነው። «ይሄ ከኔ በላይ ደርቋል» ይላሉ። እርጥብ እንጨት ከነጠረጴዛው እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ ይጣመማል። ለእግሩ ግራቪሊያ ተጠቀሙ። ባህር ዛፍ ይረክስ ነበር፤ ስጠይቃቸው «ባህር ዛፍ ለአጣና ነው» ብለው አሳጠሩት። ኮምፔንሳቶ፣ ያ ስስ ስሱ እንጨት ተደራርቦ የሚለጠፈው፣ ያለው የመሳቢያው ሥር ብቻ ነው።

ሲሠሩ ሦስት ቀን ሄጄ አይቻለሁ። አንዱን ቀን አልረሳውም። መብራት ጠፍቷል። ማሽኖቹ ቆመዋል። እኔ «ዛሬም ቀረ» ብዬ ስገባ ጋሼ በእጅ መላጊያ እየላጉ ነው። ከጣውላው ላይ የሚነሳው ፍቅፋቂ እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ጫማቸው ላይ ይወርዳል። ላዩ ጥቁር አመድማ የነበረ ጣውላ ሁለት ሦስቴ መላጊያው ሲያልፍበት ከሥሩ ማር የመሰለ ቀለም ወጣ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። እኔንም አሸተቱኝ ማለቴ፣ እንዳሸት ጠሩኝ።

የጠረጴዛው ገጽ አራት ጣውላ ተጋጥሞ ነው። የጣውላው ጫፍ ላይ የዛፉ የዕድሜ ቀለበት ቅስት ሆኖ ይታያል። ጋሼ የአንዱ ቅስት ወደ ላይ ከሆነ የሚቀጥለውን ወደ ታች ያደርጉታል። ሁሉም ወደ አንድ ፊት ከዞረ ገጹ እንዳለ እንደ ሰፌድ ይጎብጣል። ሲገለባበጥ ግን አንዱ የአንዱን ጉብጠት ይሽራል። ነጭ ኮላ ቀብተው በሞርሳ አጥብቀው አሳደሩት። እግሩና ወራጁ፣ ማለትም እግሮቹን የሚያገናኘው አግዳሚ እንጨት፣ የተያያዘው በሚስማር አይደለም። አንዱ እንጨት በመሮ ቀዳዳ ይበሳል፤ የሌላው ጫፍ ምላስ ሆኖ ይቀረጻል፤ ምላሱ ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ይገባል። ያለ ኮላ አስገብተው ነቅለው አሳዩኝ። ሲነቀል ጠርሙስ እንደተከፈተ «ጧ» አለ።

ገጹንም ከእግሩ ጋር በኮላ አልለጠፉትም። በብሎን ነው ያሰሩት። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው። ምክንያቱን ሲነግሩኝ፦ «እንጨት በክረምት ይጠግባል፣ በበጋ ይርበዋል። ወደ ጎኑ ይሰፋል፣ ይጠባል። መንቀሳቀሻ ከከለከልሽው ይሰነጠቃል።»

በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በ80 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ120፣ መጨረሻ በ220 አሹት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል። እጄን ባሳልፍበት ሐር ነው። «አለቀ?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ ጨርቅ በውሃ ነክረው ጨምቀው ወለወሉት። ጥቂት ቆይተው «አሁን ዳሽው» አሉኝ። እንደ ጢም ይቆረቁራል! ውሃው የተኛውን የእንጨት ጸጉር አስነሳው። ሲደርቅ እንደገና በ220 አሹትና ከዚያ ነው ቫርኒሽ የቀቡት። ይህ ሳይደረግ ቢቀባ ኖሮ ጸጉሩ ቫርኒሹ ሥር ይነሳና ላዩ ሻካራ ይሆን ነበር። አንድ የድሮ ሚስማር ቀዳዳ በሰጋቱራና በኮላ ደፍነውታል። ካላወቁት አይታይም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ስልክ ሳወራ ጣቴ ሁሌ እዚያ ነው።

የገመዱን ነገርም ልንገራችሁ። ከኋላ በኩል 6 ሳንቲም ስፋት ያለው ቀዳዳ አለ። ከመብሳታቸው በፊት «ትልቁን ሶኬትሽን አምጪ» ብለው በዚያ ለኩት። ከገጹ ሥር ደግሞ ማከፋፈያው የሚቀመጥበት ትንሽ መደርደሪያ ሠሩ። ገመዱ ሁሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ወለሉን ስወለውል አልሳቀቅም። እግሮቹም ከታች ጎማ ተደርጎላቸዋል። ከትርፍራፊው ደግሞ ላፕቶፑን 18 ሳንቲም ከፍ የሚያደርግ መቆሚያ ጨመሩልኝ፤ ያልተነጋገርንበት ነው። የስክሪኑ አናት ከዓይኔ ትክክል ሆነ። እርግጥ ኪቦርድና ማውስ ለብቻ መግዛት ነበረብኝ።

የመጣው ተፈታትቶ ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ታውቁታላችሁ፤ ሊፍት የለም፣ መታጠፊያው ላይ ፍራሽ እንኳ ይጨነቃል። ስምንት ብሎን ፈትተው ከልጃቸው ጋር በሦስት ምልልስ አወጡት። ጫኝና አውራጆቹ የጣውላ ቁራጭ መስሏቸው ዝም አሉ። ላይ ሲገጣጠም ጠረጴዛው ተወዛወዘ። ደነገጥኩ። ጋሼ ውሃ ልክ አውጥተው መሬቱ ላይ አስቀመጡት። ወለሌ ነው የተንጋደደው። አንዱን እግር በቀጭን ጎማ አስተካከሉትና ሻይ ጠጥተን ሄዱ።

ጉድለቱንም ልናገር፤ ካልተናገርኩ ጥቆማ ሳይሆን ማስታወቂያ ይሆናል። በተባለው ቀን አልደረሰም። ዘጠኝ ቀን ዘገየ። ግማሹ መብራት ነው፤ ግማሹ የእድር ልቅሶ። ስልክ ያነሳሉ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ማሽን ላይ ከሆኑ አይሰሙም፤ ማታ ነው የሚገኙት። «ፒንተረስት ላይ ያየሁትን ይሥሩልኝ» ካላችኋቸውም ይከራከሯችኋል። በሳምንት ውስጥ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል።

ሐምሌ ላይ መሳቢያው አልከፈት አለኝ። ዝናቡ ሲበረታ እንጨቱ ጠግቦ ተጣብቋል። ማታ ደወልኩ። እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ በነጠላቸው መጡ፤ መላጊያዋን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል። መሳቢያውን አወጡት፣ ጎኑን ሁለት ጊዜ ላጉት፣ ሻማ አስመጥተው አሹበት። ገባ። ሒሳብ ስጠይቃቸው ተቆጡኝ። «የኔ ጥፋት ነው፤ የክረምቱን ልክ አሳንሼ ነው የተውኩት» አሉ። ከዚያ ቀደም «የኔ ጥፋት ነው» ያለኝ ባለሙያ ትዝ አይለኝም። ቀብዴን ይዞ የጠፋው ሳይቀር «ኔትወርክ ነው» ብሎኛል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ አስባለሁ። እጅዎ ይባረክ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ያቺ የፊት ለፊት መሳቢያ ቀርታ ደግ ሆነ።

ዋጋ ለምትጠይቁ፦ የጣውላ ዋጋ ስለማይረጋ ቁጥር አልጽፍም። እኔ የከፈልኩት ከዚያ ከቺፑዱ ጠረጴዛ በለጥ ይላል፤ እጥፉን ግን አይሞላም። ግማሹ ለእንጨት መግዣ ቀድሞ ይከፈላል፤ ቀሪው ገጣጥመው ሲጨርሱ። በቴሌብር ይቀበላሉ፤ ያውም በልጃቸው ስልክ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ እልካለሁ፤ በአንዴ ከሁለት ሥራ በላይ ስለማይይዙ ወረፋ ይኖራል።

ስትሄዱ ወንበራችሁንና የቤት ጫማችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አለበለዚያ ይመልሷችኋል።