ከፊት ቲኬሲ 80፣ ከኋላ ኬ60 ስካውት፦ ለ650 ሞተር የተደባለቀ ጎማ

የሞተርሳይክል የፊትና የኋላ ጎማ የግድ አንድ ሞዴል መሆን የለበትም፤ ሥራቸውም አንድ አይደለም። የፊቱ መሪውንና አብዛኛውን የፍሬን ኃይል ይሸከማል፣ የኋላው ደግሞ ጭነቱንና የሞተሩን ጉልበት። የኋላው ቢንሸራተት ነዳጅ ቀንሶ መመለስ ይቻላል፤ የፊቱ ከከዳ ግን ነጂው ወድቋል። ስለዚህ አጥብቆ የሚይዘው ከፊት፣ ብዙ የሚቆየው ከኋላ ይግባ። ተቃራኒውን ለማንም አንመክርም።

እዚህ የምናየው 90/90-21 ልክ ጎማ ከፊት፣ 130/80-17 ከኋላ (የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚ.ሜ.፣ የመጨረሻው ቸርኬው በኢንች ነው) ለሚያስሩት ለካዋሳኪ ኬኤልአር 650 እና ለያማሃ ኤክስቲ 660 ዜድ ቴኔሬ የሚሆነውን ጥምረት ነው፦ ኮንቲኔንታል ቲኬሲ 80 እና ሄይደናው ኬ60 ስካውት። ሁለቱም የጀርመን ጎማዎች ናቸው።

ቲኬሲ 80 ጥርሱ የተራራቀ፣ ላስቲኩ ለስላሳ ነው። ኮረትና አሸዋ ላይ መስመሩን አይለቅም፣ ደረቅ አስፋልት ላይም የጥርሱን ትልቀት ያስረሳል። ከኋላ ሲገባ ግን መሃሉ ቶሎ ያልቃል፤ አንድ የፊት እስኪያልቅ ሁለት የኋላ መግዛት የተለመደ ነው። ኬ60 በዚህ ቦታ ሲገባ ወጪው ይቀንሳል፤ ጭነት ይዞ አስፋልትና ፒስታ እያፈራረቀ ብዙውን ጊዜ ከ10,000 ኪ.ሜ. በላይ ይሄዳል።

የኬ60 ጉድለት እርጥብ አስፋልት ላይ ይታያል። ላስቲኩ ጠንካራ ስለሆነ ጠዋት ሳይሞቅ በተቀባ መስመር ወይም በአደባባይ ላይ ነዳጅ በኃይል ከተሰጠው ጎኑን ያዞራል። በክረምት መረሬ ጭቃ ውስጥም ጥርሱ ይደፈናል። አንዳንዱ የኬ60 መጠን መሃሉ ላይ ያልተቆራረጠ ረጅም ጥርስ አለው፣ አንዳንዱ የለውም፤ ጭቃ የሚበዛበት ሰው ያልተቆራረጠውን አይግዛ። በዝናብ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ሁለቱም ጎማዎች አይሆኑም።

ሲደባለቅ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ልክ መሃል የላቲን “አር” (R) ካለ ጎማው ራዲያል ነው፣ ማለትም የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፤ ሰረዝ ከሆነ አይደለም። የሞተሩ አምራች ካልፈቀደ በስተቀር አንዱን ራዲያል፣ ሌላውን ባለ ሰረዝ አታድርጉ፤ ጎናቸው የሚታጠፍበት መጠን ስለሚለያይ ሞተሩ በፍጥነትና በኩርባ ላይ ይዋልላል። ከልኩ ቀጥሎ ያለውን የጭነት ቁጥርም እዩ፦ 54 ማለት 212 ኪ.ግ.፣ 65 ማለት 290 ኪ.ግ. ነው። “ሰፊ ይሻላል” ብሎ ከኋላ 140 የሚያስር ካለ መጀመሪያ ከካቴናው ጋር ያለውን ክፍተት ይለካ።

ኬ60 ጎኑ ደረቅ ስለሆነ ሲገጠም ያስቸግራል። ጎሚስታው ሌቫውን (የጎማ መፍቻ ብረቱን) በጉልበት ሲጫን ካላማዳሪው ይነከሳል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። መፍትሔው ጎማውን ፀሐይ ላይ ማሞቅ፣ ጠርዙን በሳሙና ውኃ መቀባትና ከሌቫው በተቃራኒ በኩል ያለውን ጠርዝ በጉልበት ተጭኖ ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ማስገባት ነው። ካላማዳሪው አዲስ ይሁን፣ ቅርጹን እንዲይዝ ያህል ብቻ ትንሽ አየር ይኑረው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ጎማው ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይሁን። ከተነፋ በኋላ ከጠርዙ አጠገብ ያለው ቀጭን መስመር ዙሪያውን ከቸርኬው እኩል መራቁን እዩ፤ አንድ ቦታ ከገባ አየሩን አውጥቶ፣ ሳሙና ጨምሮ እንደገና መንፋት ነው።

የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አታጥብቁት፤ ወደ ላይ አውጥታችሁ ክዳኑ ጋ እሰሩት። ጎማው ቸርኬው ላይ ከዞረ ቫልቩ ያዘነብላል፣ ነጂውም ሳይቀደድ ያየዋል። ዳዶው ከጠበቀ ግን ቫልቩ ከሥሩ ይበጠሳል።

አየሩን ለአስፋልት መመሪያው እንደሚለው፣ ለፒስታ ወደ 22 ፒኤስአይ አድርጉት። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ከ18 በታች ከወረደ ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ካላማዳሪውን ይቆርጠዋል። የመጀመሪያዎቹን 200 ኪ.ሜ. ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ከዚያ በኋላ የፊቱን ጥርሶች በእጃችሁ ዳብሱ። በፍሬን ምክንያት አንዱ ጫፍ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ እንደ መጋዝ ሲሆን መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አየር ሲያንስ ይህ ይፈጥናል። የኋላው መሃሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ወደ ኩርባ መግባት ይከብደዋል። ሁለቱ አብረው ከታዩ የፊቱን ብቻ መቀየር ችግሩን አያጠፋውም፤ የኋላውም ጥርስ ቢቀረው እንኳ ይቀየር።