መስልበራ፣ አንስትረዘር፣ ሺስኪን ወይስ ደርነስ? ከስኮትላንድ ትንንሽ የጎልፍ ሜዳዎች የትኛውን ልምረጥ ለምትሉ

እንግሊዝ አገር ሊድስ የሚኖር ጓደኛዬ ሰሞኑን ደወለልኝ። ጎልፍ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ሦስት ቀን ፈቃድ አለኝ፣ ስኮትላንድ መጥቼ መጫወት አምሮኛል» አለኝ። «የሴንት አንድሩስን ዋጋ ሳይ ግን ደነገጥኩ። አንተ የምትመላለስባቸው ትንንሾቹ ሜዳዎች አሉ አይደል? የትኛው ይሻለኛል?»

በስልክ ትንሽ ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያልነገርኩት ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። እሱን የመሰለ ጥያቄ ያለው ሌላም ሰው አይጠፋም ብዬ በጽሑፍ አደረግኩት።

መደንገጡ ትክክል ነው። ዝነኛው የጎልፍ ሜዳ፣ የሴንት አንድሩስ ኦልድ ኮርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በሞቃቱ ወራት ለአንድ ዙር 320 ፓውንድ ያስከፍል ነበር። ያውም ብዙ ሰው ዕጣ ውስጥ ገብቶ ሲወጣለት ነው። የሃንዲካፕ፣ ማለትም የተጫዋች ችሎታ መለኪያ ቁጥር፣ ማስረጃም ይጠይቃሉ። እኔ ግላስጎው ሠርቶ አዳሪ ነኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ዱላዎቼን ይዤ የምወጣባቸው ሜዳዎች የዚያን ዋጋ ሩብ አይደርሱም። ማንም ማስረጃ አምጣ አይላችሁም። ተመዝግባችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ትጫወታላችሁ።

ወደ ምርጫው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ሜዳዎች ባለ 18 ጉድጓድ አይደሉም። ጉድጓድ ስል ኳሱ የሚገባበትን ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ከመነሻው እስከ ቀዳዳው ያለውን መስመር ጭምር ነው። ብዙ ሰው ዘጠኝ ወይም አሥራ ሁለት ጉድጓድ ሲባል የጎደለ ጨዋታ ይመስለዋል። አይደለም። ሴንት አንድሩስ ራሱ እስከ 1764 ድረስ አንዱ ዙር 22 ጉድጓድ ነበር። ዛሬ የምናውቀው 18 የመጣው ያኔ አንዳንዶቹ ሲጣመሩ ነው። በ1860 ከታላላቆቹ የጎልፍ ውድድሮች አንዱ የሆነው ኦፕን ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በፕረስትዊክ ሲካሄድ ሜዳው 12 ጉድጓድ ብቻ ነበረው። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ጊዜ ዞሩት፣ አለቀ። ስለዚህ ቁጥሩ አያሳስባችሁ። ማሰብ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ስንት ቀን አላችሁ? መኪናስ አላችሁ? ኳሳችሁስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል?

በቅርቡ እንጀምር። መስልበራ ኤዲንብራ ጥግ ያለች ከተማ ናት። ከኤዲንብራ መሃል በከተማ አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትደርሳላችሁ። ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው አሮጌው ሜዳ የሚገኘው በፈረስ መሮጫው ውስጥ ነው። ኳሳችሁ የፈረሶቹን ሩጫ መስመር አቋርጦ ሲሄድ ታያላችሁ። በዚህ ምክንያት ከመሄዳችሁ በፊት የእሽቅድምድም ቀን መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ፈረስ ባለበት ቀን ጎልፍ ብላችሁ ብትሄዱ ትደክማላችሁ።

ሜዳው ደልዳላ ነው። ቁልቁለትና ዳገት የለውም። በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችሁ አብረዋችሁ መሄድ ቢፈልጉ እንኳ አይቸገሩም። ውበት ፈልጋችሁ ከሆነ ግን እንዳታዝኑ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አጠገቡ መንገድ አለ፣ የመኪና ድምፅ አለ፣ ከተማው ይታያል። እዚህ የሚኬደው ለታሪኩ ነው።

ታሪኩ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ1672 ሰር ጆን ፎውሊስ የተባለ የኤዲንብራ ጠበቃ እዚህ ጎልፍ ስለመጫወቱ በወጪ መዝገቡ ላይ ጽፏል። በ1829 እዚህ የጉድጓድ መቁረጫ መሣሪያ ተሠራ። ስፋቱ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ያ ልክ በኋላ የዓለም ሁሉ ሜዳ ልክ ሆነ። አዲስ አበባም ብትጫወቱ፣ ዱባይም ብትጫወቱ፣ ኳሳችሁ የሚገባበት ቀዳዳ ስፋቱ ከመስልበራ የመጣ ነው። ከ1874 እስከ 1889 ባለው ጊዜ ኦፕን ሻምፒዮና ስድስት ጊዜ እዚህ ተካሂዷል። ከዚያ የኤዲንብራዎቹ ባለጸጋ ጎልፈኞች ሙርፊልድ የሚባል የራሳቸውን ሜዳ ሠርተው ሄዱ። ውድድሩም በ1892 ተከትሏቸው ሄደ። መስልበራ ለሁሉም ሰው ክፍት ሆኖ ቀረ። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። ሻምፒዮኖቹ የረገጡትን ሣር በጥቂት ፓውንድ መርገጥ የሚቻልበት ሌላ ስፖርት አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ሞክሩ። በድሮው ዘመን ዓይነት የእንጨት እጀታ ያላቸውን ዱላዎች እዚያ መከራየት ይቻላል። ኳሱ እንደለመዳችሁት ሩቅ አይሄድም። ግን እጃችሁ ቀስ ማለትን ይማራል። ከዚያ ቀን በኋላ የኳስ አመታቴ ረጋ ብሏል።

አንስትረዘርም ዘጠኝ ጉድጓድ ነው። ፋይፍ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ባሕር ዳር ያለ የአሣ አጥማጆች መንደር ነው። ከሴንት አንድሩስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ክለቡ የተመሠረተው በ1890 ነው። መኪና ለሌለው ሰው ከድሮው ይልቅ አሁን ይቀላል። በ2024 ወደ ሊቨን የሚሄደው ባቡር ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ከሊቨን በኋላ የባሕሩን ዳር ይዞ የሚሄድ አውቶቡስ አለ።

ስለ አንስትረዘር ሰው የሚያወራው አምስተኛውን ጉድጓድ ነው። ስሙ ሮኪስ ይባላል። ፓር 3 ነው፤ ጥሩ ተጫዋች በሦስት ምት ይጨርሰዋል ማለት ነው። ርዝመቱ ግን 215 ሜትር ያህል ነው። በአንድ በኩል ድንጋያማ ቁልቁለት፣ በሌላ በኩል ባሕር። በ2007 አንድ የጎልፍ መጽሔት በብሪታንያ ከባዱ ፓር 3 ብሎ መርጦታል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ኳስ ባሕሩ በላብኝ። አሁን ግን ትልቁን ዱላ አልነካም። መካከለኛ ብረት (ጭንቅላቱ ከብረት የሆነ ዱላ) ይዤ አጠር አድርጌ አስቀምጣለሁ። በሁለተኛው ምት ወደ ግሪኑ፣ ቀዳዳው ወዳለበት አጭር ሣር፣ እወጣለሁ። አራት ብጽፍ ደስተኛ ነኝ። እናንተም እንዲህ ብታደርጉ ይሻላል፤ ቀጥታ ግሪኑን ለማግኘት የሚሞክር ሰው ካርዱን እዚያው ያበላሻል።

እንግዲህ ከሁለቱ የቱ? ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ወይም ኳሳችሁ ወደ ቀኝ የመታጠፍ ጠባይ ካለው፣ መስልበራ ይሻላችኋል። ስታጠፉ የሚቀጣችሁ ሣር ነው፣ ባሕር አይደለም። ኳሱን መቆጣጠር ከጀመራችሁ ግን አንስትረዘር የበለጠ ያስተምራችኋል። ፊት ለፊታችሁ የሜይ ደሴት ትታያለች። ከጨዋታ በኋላ መንደሩ ወደብ ላይ አሣና ድንች ይዞ መቀመጥ አለ። ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ቀን ይበቃል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ሺስኪን አራን ደሴት ላይ ነው። አሥራ ሁለት ጉድጓድ ብቻ አለው። መጀመሪያ በ1896 ዘጠኝ አድርጎ የቀየሰው ዊሊ ፈርኒ ነው። ይህ ሰው በ1883 ኦፕን ሻምፒዮናን ያሸነፈው የት መሰላችሁ? መስልበራ ላይ። በኋላ ሜዳውን ወደ 18 ያሳደገው ዊሊ ፓርክ ልጅየው ነው። እሱም በ1889 ያሸነፈው መስልበራ ላይ ነው። ይህንን ሳውቅ ሁለቱ ሜዳዎች በዓይኔ ዘመዳሞች ሆኑ። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ከፍታው ላይ የነበሩት ጉድጓዶች ተተዉ። ተመልሰውም አልተከፈቱም። አሥራ ሁለት ቀረ። ማንም ሊያስተካክለው አልሞከረም፣ ባይሞከርም ጥሩ።

ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ፓር 3 ናቸው። ጠቅላላው ፓር 42 ነው። በወረቀት ሲታይ ቀላል ይመስላል። ግን ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ስትቆሙ ግሪኑ አይታያችሁም። የቁራ ጎጆ ይሉታል፣ ስሙ ልኩ ነው። ፊታችሁ ያለው ገደል ብቻ ነው። ኳሱን ወደ ላይ፣ ወደ ሰማይ ትልኩታላችሁ። ከፊት ያሉት ሰዎች ጨርሰው ሲወርዱ ምልክት ይሰጧችኋል። ምልክቱን ሳታዩ እንዳትመቱ፤ ሰው አለ። ከዚያ ወጥታችሁ ኳሳችሁን ግሪኑ ላይ ስታገኙት ደስታው ሌላ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ዞር ስትሉ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ የኪንታየር ምድር፣ አጠገባችሁ ደግሞ ድሩማዱን የሚባለው ዓምድ ዓምድ የሆነ ጥቁር ገደል ይታያል። እኔ እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ትንሽ እቆማለሁ። ከኋላ ሰው ካለ አሳልፈዋለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻዬን ስጀምር አንድ ሽማግሌ የአካባቢው ሰው አብሬ ልጫወት አሉኝ። መቼም ዕድሜያቸው ከሰማንያ አያንስም። ሦስት ዱላ ብቻ ነው የያዙት። ንፋሱ በየትኛው ጉድጓድ ላይ ወዴት እንደሚወስድ እያንዳንዱን ነገሩኝ። «አትታገለው፣ እሱ ይውሰድልህ» ነበር የሚሉኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል አብረን ዞርን። ስንጨርስ ሻይ ጋበዙኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ውድ ሜዳ ላይ ማግኘት ይከብዳል፤ እዚያ ሁሉም መንገደኛ ነው።

የሺስኪን ችግሩ መርከቡ ነው። ከግላስጎው በባቡር ወደ ባሕሩ ዳር ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ብሮዲክ። ለእግረኛ ዋጋው ጥቂት ፓውንድ ነው፣ መኪና ይዞ መግባት ግን ይወደዳል። አስቀድሞ ካልተያዘም ቦታ አይገኝም። ከብሮዲክ ሜዳው እስካለበት ብላክወተርፉት ድረስ ደሴቱን የሚያቋርጥ አውቶቡስ አለ። ምክሬ መኪናውን ማዶ ትቶ በእግር መግባት ነው። ከባድ የዱላ ቦርሳ አትያዙ። ሰባት ዱላ ይበቃል። መርከቡ በንፋስ ምክንያት የሚሰረዝበት ቀን ስላለ፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ሲቻልም አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል። አራን ላይ ሌሎች የጎልፍ ሜዳዎችም ስላሉ ቀኑ አይባክንም።

ደርነስ ሌላ ዓለም ነው። ዋናው የብሪታንያ ምድር ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄዶ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። በዚያ አቅጣጫ ከእሱ በኋላ ሌላ ሜዳ የለም። በ1988 ነው የተከፈተው። ዘጠኝ ግሪን አለው፣ ግን መነሻዎቹ 18 ናቸው። ሁለት ጊዜ ስትዞሩት ሁለተኛው ዙር ከሌላ ማዕዘን ስለሚጀመር ድግግሞሽ አይመስልም። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ አትላንቲክ ውቅያኖስ ወደ ውስጥ ገብቷል። ኳሱን ከውሃው በላይ አሻግራችሁ ነው የምትጨርሱት። 140 ሜትር ያህል ነው። ንፋስ ከፊት ካለ ከወትሮው ሁለት ደረጃ ረዘም ያለ ዱላ ያዙ።

ለደርነስ የምትከፍሉት ግን መግቢያውን አይደለም፣ መንገዱን ነው። ከኢንቨርነስ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንዳት ነው፤ ከመንገዱ ከፊሉ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ጠባብ ነው። ከ2015 ጀምሮ የሰሜን ዳርቻውን የሚዞረው የመኪና ጉዞ በመላው ዓለም ታውቋል። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ በካምፕ መኪና ይሞላል። ማደሪያም ይወደዳል። ነዳጁን፣ አልጋውን ስትደምሩ ርካሹ ሜዳ ርካሽ አይደለም። ጎልፍ ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። ቤተሰብ ይዛችሁ ሰሜኑን የምታዩ ከሆነ ግን ዱላችሁን ጫኑ። በሰኔ እዚያ በደንብ አይጨልምም። ልጆቹ ተኝተው እናንተ ማታ በአራት ሰዓት ትጫወታላችሁ።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር። በሰሜንና በደሴቶቹ ባሉ ትንንሽ ሜዳዎች ብዙ ጊዜ ተቀባይ ሰው አይገኝም። የእምነት ሣጥን አለ። ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ስማችሁን ጽፋችሁ ትከታላችሁ። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ሃሪስ ደሴት ላይ ያለው ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ እንዲህ ነው የኖረው። ታዋቂው የጎልፍ ተጫዋች ኒክ ፋልዶ ሣጥኑ ውስጥ የተዋትን የፈረመባትን አምስት ፓውንድ ክለቡ ለውድድር መሸለሚያ አድርጓታል። እዚያ እሑድ መጫወት አይፈቀድም፤ ሰንበትን ያከብራሉ። እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ገንዘብም ጊዜም ለሌለው ሰው ደግሞ ኤዲንብራ መሃል ብረንትስፊልድ ሊንክስ አለ። አጫጭር ጉድጓዶች ናቸው፤ አንድ አጭር ብረትና አንድ ፓተር (ኳሱን ግሪን ላይ መሬት ለመሬት የሚገፉበት ዱላ) ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ነፃ ነው። ዱላ ይዞ የማያውቅ ጓደኛ ካላችሁ እዚያ አስጀምሩት።

ለሊድሱ ጓደኛዬ በመጨረሻ ያልኩት ይህ ነው፦ አንድ ቀን ብቻ ቢኖርህ መስልበራ፤ አንድ ቀንና ጥሩ ምት ካለህ አንስትረዘር፤ ሦስት ቀን ስላለህ ግን ሺስኪን። ደርነስን ልጆችህ ትምህርት ሲዘጉ ታየዋለህ። የመጀመሪያውን ቀን መስልበራ ላይ በእንጨት ዱላ ይጀምራል፣ በማግስቱ ወደ አራን ይሻገራል። ፈርኒና ፓርክ የሄዱበትን መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። የመርከቡን ትኬት ትናንት ቆርጧል። እኔም ለዚያ ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ።