ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር፦ ከአረቢያን መጅሊሳችን ጋር አሥራ አንድ ወር

ባለፈው መስከረም ሳሎናችንን ለማደስ ስንነሣ እኔ ሶፋ፣ ባለቤቴ ደግሞ አረቢያን መጅሊስ እንዲገባ ፈልገን ነበር። የእኔ ምክንያት እናቴ ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ዝቅ ብላ ከተቀመጠች ያለ ደጋፊ አትነሣም። የባለቤቴ ምክንያት ጥምቀት ነው፤ ጎንደር የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው ከከተራ በፊት ጀምሮ ዘመድ ከየአገሩ እየመጣ ቤቱን ይሞላዋል፣ ሶፋ ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ አያስተኛም። ሁለት ሳምንት ያህል ተከራክረን ያስታረቀን የአናጺው ሜትር ነው። ሶፋ ከወለል እስከ መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እኛ ያየነው ምንጣፍ ላይ የሚዘረጋ መጅሊስ ግን 20 ብቻ ነበር፤ ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የእንጨት ሣጥን አሠርተን 35 ላይ ተስማማን። ለእንጨቱ የከፈልነው ለስፖንጁና ለጨርቁ ካወጣነው ሲሶውን ያህላል።

ከፍታው ልክ ነበር። እናቴ አንድ እጇን መከዳው ላይ ተመርኩዛ ራሷ ትነሣለች፤ ባለቤቴም በርጩማዋ ላይ ሆና ቡና ስትቀዳ እንግዳው ከፊቷ ትይዩ ስለሚሆን ሲኒ ለማቀበል መነሣት ቀርቶላታል። በጥምቀት ሰሞን አምስት ሰው ራስና እግር ገጥሞ ተኝቶበታል። ያላሰብነው ጥቅም የታየው ግን በክረምቱ ነው። ግድግዳችን እርጥበት ይስባል፤ አምና ወለል ላይ የዘረጋነው ፍራሽ ነሐሴ ሳይጋመስ ሥሩ ሻግቶ ነበር። አሁን አናጺው ሣጥኑን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቆ፣ የላዩን ጣውላም እያራራቀ ስለመታው አየር ያልፍበታል፤ ትናንት አንሥቼ ሳየው ደረቅ ነው።

ቅሬታዬ ስፖንጁ ላይ ነው። ባለ 30 ዴንሲቲ ነው ተብለን ገዛን፤ ቁጥሩ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚያመለክት በመሆኑ፣ አነስ ያለው ቶሎ ይሰምጣል። በሦስተኛው ወር እኔ ኳስ የማይበት ጥግ ጎደጎደ። ባለቤቴ መጀመሪያ በክብደቴ ሣቀች፤ ዚፑን ከፍተን ስናይ ግን ከላይና ከታች ሦስት ሦስት ጣት ነጭ ስፖንጅ ተለብጦበት፣ መካከሉ ቢጫም ሰማያዊም ቁርጥራጭ በማስቲሽ እየተጣበቀ የተሞላ ነበር። ዚፕ ይግባበት ያለችው እሷ ናት፤ እኔ ዋጋ ለመቀነስ ዙሪያውን ይሰፋ ብዬ ነበር፤ ብረታ ኖሮ ይህን ጉድ አናየውም። ሠሪው ከብዙ ምልልስ በኋላ አንዱን ብቻ ቀየረልን፣ የቀሩትን በየወሩ ቦታ እያለዋወጥን እንቀመጥባቸዋለን። ለማሠራት ያሰበ ሰው ጨርቁ ከመልበሱ በፊት ስፖንጁን በዐይኑ ይይ።

መጋረጃውና የወለቃ ሸክላ የደረደርንበት መደርደሪያ አላጨቃጨቁንም። በጨርቁ ቀለም ግን አልቀናንም። እሷ ወይን ጠጅ ከፈይ፣ እኔ ግራጫ ጥጥ ስንል፣ መቀመጫው ግራጫ፣ መደገፊያው ወይን ጠጅ እንዲሆን ተካፈልነው። እናቴ ገና ከበር እንዳየችው «ጨርቁ አንሷችሁ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ እኛም ከዚያ ወዲያ በሌላ ዐይን ልናየው አልቻልንም። ከፍታን መካከል ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ ቀለምን ለሁለት ከመክፈል ግን አንዳችን ብንረታ ይሻል ነበር፣ እውነቱን ለመናገርም የተሻለው የእሷ ምርጫ ነበር። ከፈዩም ቢሆን እንከን አለው፤ ሰው ሠራሽ ስለሆነ ከዕጣን ማጨሻው የተፈናጠረ ከሰል ስንዴ የምታክል ቀዳዳ አቅልጦበታል፣ አቧራም ይይዛል። ግራጫው በበኩሉ የቡናውን ጠብታ ሁሉ ያሳያል።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ወርደን ለመቀመጫው የሚሆን ወይን ጠጅ ከፈይ ገዝተናል፤ ልብስ ሰፊው ለእንቁጣጣሽ አደርሳለሁ ብሏል። ዚፖቹን ከአሮጌው ልብስ ፈትተን እንድናመጣለት ስላዘዘን፣ ትናንት ማታ እሷ ስትፈታ እኔ ክሩን ስለቅም አመሸን።