ቴሌግራም ለአጭር ልቦለድና ለግጥም፦ 4096 ፊደል የት ድረስ ያስኬዳል?

አንድ የቴሌግራም መልእክት የሚይዘው 4096 ምልክት ነው፤ ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብም ይቆጠራሉ። ቆጠራው ለእኛ ፊደል ያደላል። «ሱ» አንድ ተብላ ስትቆጠር በላቲን የሚጽፍ ሰው ለዚያው ድምፅ ሁለት ያወጣል። በዚህ ስሌት አንድ መልእክት ከ750 እስከ 800 የአማርኛ ቃል ይይዛል። ከላቲን ወደ አማርኛ ሲገባ ከ160 ወደ 70 ምልክት ከሚያሽቆለቁለው የስልክ አጭር መልእክት ጋር ሲተያይ ይህ ለጋስነት ነው። ለግጥም፣ ለአጭር ወግና ለአንድ ትዕይንት ልቦለድ ይበቃል። ከዚያ ያለፈው ላይ ነው ጣጣው የሚጀምረው።

ጽሑፉ ከልኩ ካለፈ መተግበሪያው ራሱ ቆርጦ በሁለት መልእክት ይልከዋል። ምልልሱ አለቀ አላለቀ ግድ የለውም። ሁለተኛው ቁራጭ ርእስም የጸሐፊ ስምም የለውም፤ አንዱ አንባቢ እሱን ብቻ ፎርዋርድ ካደረገው መሐል ወገቡ ላይ የተጀመረ ታሪክ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መቁረጡን ለጸሐፊው መተው ይሻላል። 3500 አካባቢ ሲደርስ ትዕይንቱ በሚዘጋበት ቦታ ይክፈለው፣ የተረፈውን ለርእስ፣ ለክፍል ቁጥር፣ ለስምና ለሃሽታግ ያድርገው። በቃል ላይ የተሰቀለ ሊንክ ግን አድራሻው ከቆጠራው አይገባም።

ሥዕል የሚያያይዝ ሰው ሌላ አጥር ይጠብቀዋል። ያለ ክፍያ በሚሠራ አካውንት ከፎቶ ሥር የሚገባው ጽሑፍ 1024 ምልክት፣ ማለትም 200 ቃል ገደማ ነው። አሥራ ስድስት ስንኝ ያለው ግጥም ይገባል፤ ወግ አይገባም። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ግጥሙን ራሱን ሥዕል ላይ ጽፈው ይለጥፉታል። ያምራል፣ ግን በፍለጋ አይገኝም፣ ስሕተት ሲታይም አይታረምም፣ ዐይኑ የደከመ አንባቢም ፊደሉን ማተለቅ አይችልም።

ግጥም ላይ ትንሽ እንቆይ። በወል ቤት የተገጠመ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ያላቸው ሁለት ሐረጎች ስላሉት በተለመደው የፊደል መጠን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይቆማል፤ አምስት አምስት ቀለም ያለው ሰንጎ መገንማ ጭራሽ አያስቸግርም። የሚሰበረው ረዘም ያለው የዘመኑ ስንኝ ነው። የስልኩ ጠርዝ ሲያጥር የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን ወደ ታች ትወርዳለች፤ ያቺ ደግሞ ቤት የምትመታው ናት። አንባቢው እረፍቱን ገጣሚው ካሰበው ቦታ ውጪ ያደርጋል፣ ዜማውም ይፈርሳል። መላው ቀላል ነው፦ ረጅሙን ስንኝ በሐረግ እረፍቱ ላይ በእጅ ሰብሮ፣ በስንኝና በስንኝ መካከል አንድ ባዶ መስመር መተው። ከመለጠፍ በፊትም ለራስ ልኮ፣ የፊደሉን መጠን ከፍ አድርጎ ማየት። የመጀመሪያውን ስንኝ በክፍት ቦታ ወደ ውስጥ ማስገባት የሚወድ ገጣሚ ግን አይልፋ፤ ቴሌግራም ከመልእክት መነሻና መድረሻ ያለውን ባዶ ቦታ ጠርጎ ይጥለዋል።

ሥርዓተ ነጥብም የራሱ ወጥመድ አለው። አራት ነጥብን (።) በአንድ ምልክት መጻፍ እየተቻለ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መደርደር (፡፡) የቆየ ልማድ ነው። ይህ ለአንድ ነጥብ ሁለት ምልክት ያስቆጥራል። ከለጠፉ በኋላ ከመልቀም ቀድሞ በ«ፈልግና ተካ» ሁሉንም መቀየር ይሻላል። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተተየበ ጽሑፍ ያለው ሰው ደግሞ ስልኮች ወደሚያነቡት የፊደል ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ሳይቀይር ኮፒ ካደረገው የሚያየው የላቲን ፊደል ትርምስ ነው።

ፍለጋው የቴሌግራም ደካማ ጎን ነው ብንል አልበዛም፣ ለአማርኛ ደግሞ ይብሳል። «ፀሐይ» ብሎ ለሚፈልግ «ጸሀይ» አይመጣለትም። በአብዛኛው የሚያዛምደው ከቃሉ መነሻ ጀምሮ ስለሆነ «ፍቅር» ብሎ የፈለገ «የፍቅር»ን እና «በፍቅር»ን ያጣል፤ በ«የ»፣ በ«በ»፣ በ«ለ» ለሚጀምር ቋንቋ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ማካካሻው ሃሽታግ ነው። አማርኛውን በደንብ ይቀበላል፣ ቃላቱ ግን በክፍት ቦታ ሳይሆን በታች ሰረዝ መያያዝ አለባቸው፦ #አጭር_ልቦለድ። አንድ ቀን #አጭር_ልቦለድ ሌላ ቀን #አጭር_ልብወለድ እያሉ መለጠፍ መደርደሪያውን ለሁለት መክፈል ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን አንዱን አጻጻፍ መርጦ መጽናት ይበጃል።

በተከታታይ ለሚወጣ ልቦለድ ፒን የተደረገ ማውጫ ግድ ነው። አዲስ ክፍል በተለጠፈ ቁጥር ያንኑ መልእክት ኤዲት አድርጎ የክፍሉን ሊንክ መጨመር፣ ከዚያም ወደ ቀደመው ክፍል ተመልሶ ግርጌው ላይ «ቀጣዩ ክፍል» የሚል ማያያዣ ማስገባት። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ሲዘለል ክፍል ሰባት ላይ የደረሰ አዲስ አንባቢ ክፍል አንድን ፍለጋ ጣቱ እስኪዝል ወደ ላይ ይገፋል።

ረጅሙን ጽሑፍ ሳይቆራርጡ ማውጣት ለሚፈልጉ ቴሌግራፍ የተባለው እህት አገልግሎት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ንዑስ ርእስና ጥቅስ ይቀበላል፣ ኔትወርክ ሲደክምም በመተግበሪያው ውስጥ ቶሎ ይከፈታል። ያለ ምዝገባ መጻፍ ያስችላል፤ አደጋውም ይኸው ነው። የማረም መብቱ የሚቀመጠው በተጻፈበት ብራውዘር ውስጥ ስለሆነ ኩኪው (ብራውዘሩ ጸሐፊውን የሚያውቅበት መለያ) ከጠፋ ጽሑፉ እንደወጣ ይቀራል። በቴሌግራፍ ቦት በኩል ገብቶ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ስርቆትን በተመለከተ ቴሌግራም የሰጠው መሣሪያ ሁለት ጫፍ ያለው ነው። የይዘት ማስቀመጥን መከልከያው ሲበራ ኮፒም ፎርዋርድም ይዘጋሉ፤ ሌባው በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳት ሲችል ደግ አንባቢ ግን ለጓደኛው ማጋራት ያቅተዋል። አዲስ ቻናል ሰው የሚያገኘው በፎርዋርድ ስለሆነ ይህን ማብራት የራስን በር መዝጋት ነው። ፎርዋርድ የቻናሉን ስም ይዞ ይሄዳል፣ ኮፒ ግን ስሙን ያራግፋል። ስሙን ከርእሱ ሥርም ከመጨረሻውም ማስገባት ቢያንስ ኮፒ አድራጊውን እያወቀ እንዲቆርጥ ያስገድደዋል። በሕግ በኩል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው ጥበቃ የሚሰጠው ከተፈጠረ ጀምሮ ነው። ረቂቁን ከነቀኑ ማስቀመጥ ክርክር ሲመጣ ይጠቅማል። የተለጠፈ ጽሑፍ ሲታረም ፎርዋርድ የተደረጉት ቅጂዎች አብረው እንደማይታረሙም መታወቅ አለበት፤ የፊደል ግድፈቱ በሰው ግሩፕ ውስጥ ለዘላለም ይኖራል።

ከግጥሙ ሥር የሚታየው የዐይን ምልክት ቁጥር ብዙ አያስደስት፣ ብዙም አያስከፋ። ፎርዋርድ የተደረገው ሲታይም ይጨምራል፣ ማንበብንና አልፎ መሄድን አይለይም። ከቻናሉ ጋር የውይይት ግሩፕ አገናኝቶ አስተያየት መክፈት ከቁጥሩ የተሻለ ይናገራል። የድምፅ ትረካ ለሚጨምሩ በድምፅ መልእክት ፋንታ ርእስና ስም የተጻፈበት የኦዲዮ ፋይል መላክ ይመረጣል፤ ፋይሉ በቻናሉ የሙዚቃ ዝርዝር ውስጥ ከነስሙ ይቀመጣል።

ለመነበብ ቴሌግራም ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጫ ግን አይታመንም። አገልግሎቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ተገድቦ ነበር። ቻናሉም በአንድ ስልክ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሲም የጠፋበት ሰው ሌላ አድሚን ካልሾመ ከአንባቢዎቹ ጋር ይቆራረጣል። ባለቤትነትን ወደ ሌላ አካውንት ለማዛወር የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት በርቶ መገኘት ስላለበት ችግር ሲመጣ ማብራት አያደርስም። የቻናሉን ሙሉ ይዘት አውርዶ ማስቀመጥ የሚቻለው በኮምፒውተሩ የቴሌግራም ዴስክቶፕ ነው፤ በሦስት ወር አንዴ ማውረድ በቂ ነው። ኮምፒውተር የሌለው ከጓደኛ ተበድሮም ቢሆን ያውርድ፣ ሲጨርስ ግን ከስልኩ «መሣሪያዎች» በሚለው ገብቶ ያንን ኮምፒውተር ያስወጣው።