የ1951 ፎርድ 8ኤን ትራክተርና ባለ 6 ጫማ ዲስክ መከስከሻ፦ ከ11 ወር ሥራ በኋላ

ባለፈው ኦክቶበር አንድ የ1951 ፎርድ 8ኤን ትራክተር ገዛሁ። ከሱ ጋር ባለ 6 ጫማ ዲስክ መከስከሻ አለ፤ ከትራክተሩ ኋላ ተገጥሞ በክብ የብረት ሳህኖች አፈሩን የሚቆራርጥ መሣሪያ ነው። አሁን ሴፕቴምበር ነው፣ አንድ ሙሉ የእርሻ ወቅት አብረን አሳልፈናል። ያለሁት ቨርጂኒያ፣ ካልፔፐር አካባቢ ነው። የምናርሰው ግማሽ ኤከር ነው፤ ወደ 2,000 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ድንችና በሶብላ እንተክላለን። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በእጅ በሚገፋ የኪራይ ማሽን ነበር የምሠራው፤ ግማሽ ኤከር ለሱ በጣም ብዙ ነው፣ በተለይ በዚህ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ።

ለቸኮለ ሰው መልሱን ቀድሜ ልናገር። ትራክተሩን እወደዋለሁ፣ እመክረዋለሁም። ዲስኩ ግን ማረሻ አይደለም። ዘመኑን ሁሉ ሣር የነበረን መሬት በዲስክ ብቻ እሰብራለሁ ብላችሁ እንዳትገዙ። እኔ እንደዛ ብዬ ነበር የገዛሁት።

መጀመሪያ ስለ ትራክተሩ። 8ኤን የተመረተው ከ1947 እስከ 1952 ነው፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ለዛ ነው ዛሬም መለዋወጫው እንደ ልብ የሚገኘው። ከኋላው ያለው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ፣ መሣሪያ በሦስት ቦታ የሚታሰርበት፣ የፈጠራ ሰው የነበረው የሃሪ ፈርጉሰን ሥራ ነው። ፈርጉሰንና ሄንሪ ፎርድ በ1938 ትራክተር አብረው ለመሥራት እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ብቻ ተስማሙ፤ በ1939 9ኤን የሚባለው ትራክተር ወጣ። በኋላ ስምምነቱ ፈርሶ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይህን ያነሳሁት ለገዢ ትልቅ ትርጉም ስላለው ነው፦ የዛሬዎቹ ትራክተሮች ማያያዣ የመጣው ከዚሁ አሠራር ስለሆነ፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ አነስተኛ ዲስክም ከ70 ዓመት በላይ በሆነው ትራክተር ላይ ይገጠማል።

ለትራክተሩ 2,800 ዶላር ከፈልኩ፣ ለዲስኩ 650። ሻጩ ዘይቱ በቅርብ ተቀይሯል ብሎኝ ነበር። ቤት አምጥቼ ስፈታው ወተት የመሰለ ነገር ወጣ። ውሃ ገብቶበታል። በ8ኤን ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ በማርሽ መቀየሪያው ሥር ያለው የጎማ ሽፋን ሲሰነጠቅ ዝናብ ወደ ውስጥ ይገባል። ማርሹም፣ ዲፈረንሺያሉም፣ በዘይት ግፊት መሣሪያ የሚያነሳው ሃይድሮሊኩም የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው፣ 5 ጋሎን። ከሥር ሦስት መክፈቻ ቡሎኖች አሉ፤ አንዱን ብቻ ከፍታችሁ ጨረስኩ እንዳትሉ፣ ሦስቱም ይከፈቱ። ዘይቱን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፣ የጎማ ሽፋኑን በ12 ዶላር ተካሁ፣ ከዚያ ወዲህ ማንሻው ችግር የለበትም። ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ ቀለሙን እዩ።

ሁለተኛው ራስ ምታት ጃንዋሪ ላይ መጣ። በብርድ ጠዋት ሞተሪኖው ያቃስታል እንጂ አይዞርም። ባትሪ ገዛሁ፣ ለውጥ የለም። ለካ ችግሩ ገመዱ ነው። ይህ ትራክተር 6 ቮልት ነው፣ ሰውነቱ ላይ የሚታሰረውም ፖዘቲቩ ነው፣ እንደ መኪና ኔጋቲቩ አይደለም። 6 ቮልት ወፍራም ገመድ ይፈልጋል፤ ከኔ በፊት የነበረው ሰው የመኪና ቀጭን ገመድ ገጥሞበታል። ወፍራሙን ስገጥም በአንድ ንክኪ ተነሳ። ብዙ ሰው ወደ 12 ቮልት ይቀይረዋል፣ እኔ አልቀየርኩም፣ አላስፈለገኝም። ካንዴላና ፑንቲና ግን በየዓመቱ ማየት ያስፈልጋል። ፑንቲናው ያለው ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ነው፤ የኔው ከጎን ስለሆነ በቀላሉ ይደረስበታል። ከ1950 በፊት የወጡት ከፊት ለፊት፣ ራዲያተሩ ጀርባ ስለሆነ ያስቸግራል። ምርጫ ካላችሁ የጎኑን ፈልጉ።

አነዳዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ ምክንያቱም ያልነገሩት ሰው ይደናገጣል። የሃይድሮሊክ ፓምፑ የሚዞረው በፒቲኦው፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለመሣሪያ በሚያስተላልፈው ዘንግ በኩል ነው። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ማንሻውም ይቆማል። ትልሙ ጫፍ ላይ ደርሳችሁ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ዲስኩን ላንሳ ብትሉ አይነሳም። ቀድማችሁ፣ እየሄዳችሁ ነው የምታነሱት። አንድ ወር ያህል ፈጀብኝ እጄ እስኪለምደው፣ በዚያ አንድ ወር ውስጥ አንድ የአጥር እንጨት ሰብሬያለሁ። ሌላው፣ መገልበጥን የሚከላከል የብረት ቅስት የለውም። ተዳፋት ላይ አልሄድበትም፣ ከማያያዣው ዝቅተኛ ቦታ ውጭም ምንም ነገር አስሬ አልጎትትም። ከፍ አድርገው አስረው ሲጎትቱ ፊቱ ተነስቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው።

አሁን ወደ ዲስኩ። አራት ረድፍ አለው፣ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። የፊቶቹ ሳህኖች ጥርስ አላቸው፣ አፈሩን ወደ ውጭ ይወረውራሉ። የኋላዎቹ ለስላሳ ናቸው፣ ወደ መሃል ይመልሱታል። ዋናው ብልሃት የረድፎቹ ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ሲሰፋ ይጠልቃል፣ ሲጠብ ላይ ላዩን ያለሰልሳል። የኔ ክብደት ወደ 500 ፓውንድ ነው፣ ለዚህ አፈር ቀላል ነው። ደረቅ ቦታ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለት የሲሚንቶ ብሎክ ከላዩ ጠፍሬ አሰርኩና ልዩነቱ ወዲያው ታየ፣ ግን ከዚያ በላይ ስጨምር የትራክተሩ ፊት ቀለለና መሪው አልታዘዝ አለ። ሁለት ብሎክ በቂ ነው።

ስፋቱን በተመለከተ 6 ጫማ በመግዛቴ ደስ ብሎኛል። ዲስኩ ከኋላ ጎማዎቹ ስፋት ያነሰ ከሆነ ጎማው የጠቀጠቀው መስመር ሳይነካ ይቀራል። የኔው ሸፍኖት ያልፋል። ለማንሻው ደግሞ መቀመጫው አጠገብ ካለችው ትንሽ እጀታ ላይ ፖዚሽን የሚባለውን ምረጡ። ሌላኛው ለማረሻ የተሠራ ነው፤ በሱ ስሞክር ዲስኩ እንደ ባሕር ማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ መሬቱን አበላሸብኝ። የላይኛውን ዘንግም በደንብ አስተካክሉት። ፊቱ ከጠለቀ መሃል ላይ ቦይ፣ ኋላው ከጠለቀ መሃል ላይ ጉብታ ይተዋል።

የተበላሸብኝ አንድ ኩሽኔታ ነው፣ ሜይ ላይ። ከመሳሪያው ይልቅ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግሪስ አልሰጠሁትም። ሳህኖቹን የያዘው ትልቁ ቡሎንም ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላ ይላላል፤ ካላጠበቃችሁት ሳህኖቹ በዘንጉ ላይ እየተጫወቱ ቀዳዳቸውን ይበላሉ። አሁን ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ቁልፍ ይዤ እዞረዋለሁ።

የአፈሩ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማርች መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ ወጣ። ጎመን ቶሎ ለመትከል ጓጉቼ ገባሁ። ላዩ ደርቋል፣ ከሥሩ ግን ያጣብቃል። ዲስኩ አፈሩን እንደ ሊጥ ቆራርጦ አገላበጠው፣ ያ ሊጥ በፀሐይ ደርቆ ጡብ የመሰለ ጓል ሆነ። እስከ ጁላይ ድረስ ያንን ጓል በመጥረቢያ ጀርባ ስንከሰክስ ነበር። አባቴ ምሥራቅ ጎጃም ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ በበሬ ያረሰ ሰው። ስልክ ደውዬ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ትራክተሩ አይደለም።

«ልጄ፣ መሬቱ ጠፍፎ ነበር ወይ?»

«ላዩ ደርቆ ነበር አባባ።»

«ላዩንማ ነፋስ ያደርቀዋል። ከሥሩ ዝገን አድርገህ ጨብጠህ ነው የምታየው።»

አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። ከ4 እስከ 5 ኢንች ቆፍሬ አንድ እፍኝ አፈር አወጣለሁ፣ እጨብጠዋለሁ፣ ከዚያ በአውራ ጣት እነካዋለሁ። ከተፈረፈረ እገባለሁ። እንደ ድቡልቡል ሸክላ ተጣብቆ ከቀረ ትራክተሩን አላስነሳም፣ ዝናብ ቢተነበይም እንኳ። በዚህ ቀይ አፈር ላይ ከጥሩ ዝናብ በኋላ አራት አምስት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ኤፕሪል ላይ ሌላውን ግማሽ መሬት እንደዚህ ጠብቄ ሠራሁት፣ በሁለት ዙር ብቻ እንደ ቡና ዱቄት ሆነ። ያው ትራክተር፣ ያው ዲስክ።

አባቴ መሬት ይገመሳል፣ ይደገማል፣ ይሰለሳል ሲል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ይታረሳል ማለቱ ነው። በሥራ ላይ ሳየው እዚህም አንድ ነው። ሣር የነበረውን ቦታ በዲስክ ብቻ ስድስት ዙር ሄድኩበት፣ ሣሩ ተቆራርጦ ተመልሶ በቀለ። ኖቬምበር ላይ ከጎረቤት ሁለት ምላጭ ያለው ማረሻ ተውሼ ገለበጥኩት። ክረምቱ ውርጭና ቅዝቃዜው ጓሉን ሰነጣጠቀው፣ ኤፕሪል ላይ ዲስኩ ሥራውን በቀላሉ ሠራ። መጀመሪያ ማረሻ፣ ከዚያ ዲስክ፣ በሳምንት ልዩነት ደግሞ በመስቀለኛ ሌላ ዲስክ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው የምሄደው፤ ሦስተኛው ለመጨረሻው ማለስለሻ ብቻ።

ግን ዲስክ አንድ ድብቅ ጉዳት አለው። ሁልጊዜ በአንድ ጥልቀት ሲሄድ ከሥሩ ደንዳና ንጣፍ ይሠራል። ኦገስት ላይ ቃሪያዎቹ ውሃ እየጠጡ ሲጠወልጉ ገረመኝ። አንዱን ነቀልኩት፣ ሥሩ 4 ኢንች ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ታጥፏል። ቀጭን ብረት ዘንግ መሬት ላይ ስገፋ በቀላሉ ይገባና 4 ኢንች ላይ ቀጥ ይላል። በየቦታው ሞከርኩ፣ ዲስክ ደጋግሜ የሄድኩበት ሁሉ እንደዚያ ነው። ጎመኑ ችሎታል፣ ቃሪያው አልቻለም። ከእንግዲህ በዓመት ከሦስት ዙር በላይ አልሄድም፣ ደግሞም ጥልቀቱን አፈራርቃለሁ።

የአፈር ምርመራም አድርጉ። በቨርጂኒያ ኮኦፐሬቲቭ ኤክስቴንሽን በኩል ላክሁ፣ የአፈሩን አሲድነት የሚያሳየው ፒኤች 5.4 መጣ፣ ኖራ ጨምሩ አሉኝ። ኖራውን በትኜ በዲስኩ አደባለቅሁት። ለዚህ ሥራ ዲስክን የሚያህል የለም።

ነዳጅን በተመለከተ ግማሽ ኤከሩን ሁለት ዙር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅብኛል፣ ከሦስት ጋሎን ያነሰ ቤንዚን። ለትራክተሩ ሌላ ማሽን መግዛት ያሰበ ሰው ግን ይጠንቀቅ፦ የ8ኤን አንደኛ ማርሽ ለሚሽከረከር አፈር ፈጪ ፈጣን ነው፣ ቀስ ብሎ መሄድ አይችልም። ዲስክና ማረሻ ነው የሚስማማው።

ባለፈው ቅዳሜ ቃሪያውን ነቅለን ጨረስን። መሬቱን ጨብጬ አየሁት፣ ተፈረፈረ። አንድ ዙር ብቻ ቀለል አድርጌ ሄድኩበትና የክረምት አጃ ዘራሁ። ኦክቶበር ላይ አንድ ጥፍር ያለው ጥልቅ ሰንጣቂ ተከራይቼ ያንን ደንዳና ንጣፍ እሰብራለሁ፣ በፀደይ ዘንጉን ይዤ ተመልሼ አያለሁ።